የሁለት ባንኮች ዕድገት እንዴት ይመዘናል?



ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን ጎዳና ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ደምበጫን አልፎ ጅጋ፣ ከጅጋም ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ሲዘልቅ በግራና በቀኝ የበቆሎና የበርበሬ ማሳ ያያል። በዚያ አገር አንድ ገበሬ «ዘንድሮ ያገባሁት በርበሬ የአምናውን እጥፍ ሆነ» ብሎ ቢናገር፣ ጎረቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ጥማድ አርሰህ ነው?» ብሎ ነው። መሬቱንም እጥፍ አድርጎ ተከራይቶ እንደ ሆነ፣ ኪራዩን ከከፈለ በኋላ በእጁ የሚቀረው ከአምናው ሊያንስ ይችላልና።

እኛ ደመወዝተኞች ግን የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት በእጃችን በገባ ጊዜ ይህን ጥያቄ እንዘነጋዋለን። ትርፉ በዚህን ያህል በመቶ አደገ የሚለውን አንብበን፣ ለልጆች ያስቀመጥነውን ገንዘብ አውጥተን አክሲዮን እንገዛለን።

በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከተወረሱ በኋላ፣ ኢትዮጵያውያን እንደገና ባንክ ለማቋቋም የተፈቀደላቸው በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. በ486 ባለ አክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር፣ ዳሸን ባንክ ደግሞ በ1988 ዓ.ም. በ11 ባለ አክሲዮኖችና በ14.9 ሚሊዮን ብር ተመሠረቱ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የአንድ ባንክ ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ወስኗል። በዚህ ልክ ብቻ ብናሰላ፣ የአዋሽ ካፒታል ከመነሻው ከ206 እጥፍ በላይ፣ የዳሸን ደግሞ ከ335 እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ታዲያ ዳሸን ይበልጣልን? አይደለም፤ የተነሣው ከአነስተኛ ቍጥር ስለ ሆነ ነው። ደግሞም ካፒታል የሚያድገው በአብዛኛው ባለ አክሲዮኖች አዲስ ገንዘብ ሲያዋጡ ወይም የትርፍ ድርሻቸውን ሳይወስዱ ሲተዉት ነውና፣ የራስን ገንዘብ ጨምሮ «አደገ» ማለት ከገበሬው ኪራይ መሬት የተለየ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ተወዳዳሪ ባንኮችን የሚያነጻጽር ሰው ትርፉን ለአክሲዮኖቹ ብዛት ማካፈል አለበት። ለምሳሌ ያህል፣ የአንደኛው ባንክ ትርፍ በመቶ 40 ቢያድግና አክሲዮኖቹ በመቶ 50 ቢበዙ፣ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ በመቶ 7 ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ሁለተኛው በመቶ 20 ብቻ አድጎ አክሲዮኖቹ በመቶ 5 ብቻ ቢበዙ፣ ድርሻው በመቶ 14 ከፍ ይላል። በጋዜጣ ላይ የሚደነቀው ግን የመጀመሪያው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ትርፉ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ከዕዳው የበለጠ የውጭ ገንዘብ የነበረው ባንክ ሀብቱ በብር ሲቈጠር ከፍ ብሎ ታይቷል። ይህ አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው እንጂ በየዓመቱ የሚታጨድ አዝመራ አይደለም። በብድር የሚገኘውም ወለድ እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ ወለዱ ዛሬ ይመዘገባል፣ ብድሩ መበላሸቱ ግን የሚታወቀው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለሆነም ብድሩ በፍጥነት የበዛበትን ባንክ የተበላሸ ብድር መጠን ከተወዳዳሪው ጋር ማስተያየት ግድ ነው።

በመጨረሻ ዋጋው ይመጣል። አሜሪካውያኑ ቤንጃሚን ግራሃምና ዴቪድ ዶድ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስተማሩት፣ መልካም ድርጅትም ቢሆን ከሚገባው በላይ ከተገዛ መልካም ግዢ እንዳልሆነ ነው። የ1,000 ብር አክሲዮን በ2,000 ብር ሲቀርብላችሁ፣ ባንኩ ዕዳውን ከፍሎ የሚቀረው ሀብት ለአንድ አክሲዮን ስንት እንደሚደርስ አስሉ። ቀድሞ ይህ ዋጋ የሚታወቀው በሰው በሰው ነበር፤ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተከፈተና ወጋገን ባንክ በመጀመሪያ ከተመዘገበበት በኋላ ግን የተመዘገቡትን ዋጋ በይፋ ማየት ተችሏል።

የሁለቱንም ባንኮች በሒሳብ መርማሪ የተረጋገጠ የአምስት ዓመት ሒሳብ አንድ ላይ ዘርጉ። የሊቀ መንበሩን ንግግር ለኋላ አቈዩትና፣ በመጨረሻዎቹ ገጾች በደቃቅ ፊደል ከታተሙት ማብራሪያዎች ጀምሩ፤ ስለ አክሲዮኑ ብዛትና ስለ ተበላሸው ብድር የተጻፈው በዚያ ነው።