ሳያላሉ አይፈታም!

«ልጄ አብሮኝ መጫወት ተወ» ሲል ነው ባለታሪካችን ችግሩን ያጫወተን። ተወልዶ ያደገው ዛሪማ ነው፤ ከደባርቅ ተነስተው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሲወርዱ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሲጀምር የምትገኘው የመንገድ ዳር ከተማ። በዚያ በኩል ባቡር ደርሶ አያውቅም። የሰፈሩ ልጅ ያደገው ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና እያየ ነው። ዛሬ ሰውዬው የሚኖረው ጀርመን አገር ነው፤ በጓሮው አበባ መሀል ሀዲድ ዘርግቶ ትንሽ ባቡር ይነዳል።

«ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት?» እንዳይሉ! ኤል ጂ ቢ የተባለው የጓሮ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1968 እዚያው ጀርመን ከወጣ ወዲህ ብዙ አባወራ የእረፍት ቀኑን የሚያሳልፈው በዚህ ነው። የሀዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በ22.5 ቢያባዙት አንድ ሜትር ገደማ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው የጂቡቲ ባቡራችን ሀዲድም አንድ ሜትር ነበር። ዘመድ ነው ማለት ይቻላል!

ችግሩ የመጣው ከፉርጎ መፍታት ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ፉርጎውን ይዞ ሲጎትት መንጠቆው ቀጭ አለ። አባት «እጅህን አንሳ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ ባቡሩን የሚያየው በመስኮት ነው። ሚስትም «ባቡር ገዛህ፣ ልጅህን ሸጥህ» ብላዋለች።

ወንድማችን፣ መፍትሔው ከዛሪማ ይዘኸው የወጣኸው ነገር ነው። የጭነት መኪና ረዳት ተሳቢ ሲፈታ አይተሃል። መጀመሪያ በጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። ቀጥሎ ሾፌሩን «ና፣ ና… በቃ!» እያለ ትንሽ ወደ ኋላ ያስመልሰዋል። ፒኑ ሲላላ በቀላሉ ይወጣል። ተወጥሮ እያለ የታገለው ግን ጣቱን ያስበላል።

የጓሮው ባቡርም እንደዚያው ነው። መያያዣው ቀለበትና መንጠቆ ሲሆን መንጠቆውን ወደ ላይ የሚገፋው ትንሽ ሞላ ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ባቡሩን ቀጥና ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙት፤ ኤሌክትሪኩን ያጥፉ። ኩርባ ላይ አይፍቱ።

ሁለተኛ፣ ፉርጎውን በጣት ወደ ሎኮሞቲቩ ትንሽ ገፋ ያድርጉት፤ ውጥረቱ ይላላል።

ሦስተኛ፣ በቀጭን እንጨት መንጠቆውን ወደ ታች ተጭነው ፉርጎውን ቀስ ብለው ያርቁት። በሁለቱም በኩል መንጠቆ ካለ ሁለቱንም ይጫኑ። ወደ ላይ ማንሳት ወይም መጠምዘዝ የለም!

አራተኛ፣ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከተፈታው ፉርጎ ጎማ ሥር ጠጠር ያድርጉ። አፈር ገብቶ መንጠቆው ከደረቀም በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት።

በትልቁ ባቡር ነገሩ የሞት የሽረት ነበር። በአሜሪካ ሠራተኞች በሁለት ፉርጎ መሀል ገብተው በእጃቸው ሲያያይዙና ሲፈቱ ብዙዎች ጣታቸውን፣ ብዙዎችም ሕይወታቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1893 የወጣው ሕግ ባቡሮቹ በራሱ የሚያያዝ መያያዣ እንዲገጠምላቸው ያስገደደው ለዚህ ነው። በጓሮው ባቡር የሚሰበረው መንጠቆ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በገንዘብ ይገዛል። የልጅ ልብ ግን መለዋወጫ የለውም።

ልጅህም አሁን እንደ ተወጠረ መንጠቆ ነው። «ና ውጣ!» ብለህ ብትጎትተው ይብሳል። አንተ ቅድሚያ ወደ እሱ ጠጋ በል። «የጮኽኩት አጥፍቼ ነው» በለው፤ አባት ይቅርታ ቢጠይቅ አይዋረድም። ቀጥሎ ሥራ ስጠው፦ ሾፌሩ አንተ፣ ረዳቱ እሱ! ፉርጎ መፍታት የእሱ ድርሻ ይሁን፤ «ና… በቃ!» እያለ ያዝህ።

ሰውዬው ምክሩን ሞከረው። ልጁ ሁለት እሑድ እምቢ አለ። በሦስተኛው እንጨቷን ይዞ ወጣና መንጠቆውን ከመንካቱ በፊት አባቱን ቀና ብሎ አይቶ «ላልቷል?» ሲል ጠየቀ።

ውድ አንባቢ፣ በእርስዎስ ቤት ተወጥሮ እያለ የሚጎተት ነገር የለም?