ሳይደበዝዝ የሚጎላ ሥዕል

አንድ ቡና ነጋዴ ለድርጅቱ የንግድ ምልክት አሠርቶ በአድራሻ ካርድ ላይ ቢያሳትመው አማረለት እንበል። ያንኑ ምልክት በሱቁ ደጃፍ ለሚሰቀል ሰሌዳ ባስጎላው ጊዜ ግን ጠርዙ ተሸራርፎ፣ ፊደሉም ደብዝዞ ተገኘ። ምልክቱ እንደገና መሣል ስላለበት ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

የጉድለቱ ምንጭ የሥዕሉ አቀማመጥ ነው። ፎቶግራፍን የመሰለ ሥዕል በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው በተደረደሩ ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች ነው። የነጠብጣቦቹ ቁጥር የተወሰነ በመሆኑ፣ ሥዕሉ ሲጎላ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ይገዝፋል እንጂ አዲስ ነገር አይታይበትም። ቬክተር የሚባለው ሥዕል ግን መስመሩ ከየት ተነሥቶ፣ በየት ጎብጦ፣ የት እንደሚያርፍ በሒሳብ ቀመር ይይዛል፤ መጠኑ በተለወጠ ቁጥርም ኮምፒዩተሩ መስመሩን እንደ አዲስ አስልቶ ይሥለዋል። ለምሳሌ ያህል «ዐ» የተባለችው ፊደል በጥቂት ነጥቦችና በጎባጣ መስመሮች ልትያዝ ትችላለች፤ በጥፍር ልክም ሆነ በግድግዳ ልክ ብትታተም ጠርዟ አይሻክርም።

እነዚህን ጎባጣ መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው የሬኖ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ፒየር ቤዚየር ሲሆን፣ የተጠቀመባቸውም የመኪና አካል ለመንደፍ ነበር። በዚሁ ዘዴ የሚሠራው አዶቢ ኢሉስትሬተር እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ። ኢንክስኬፕን የመሰለ ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራምም አለ።

ሆኖም የሰው ፊትንና የመልክዓ ምድርን ረቂቅ የብርሃን ለውጥ ለማሳየት ነጠብጣቡ ይሻላል። ደግሞም ፎቶግራፍ በቬክተር ፋይል ውስጥ ስለገባ ብቻ ቬክተር አይሆንም፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምልክት የሚያሠራ ሰው እንግዲህ ከታተመው ወረቀት ጋር ዋናውን የቬክተር ፋይል ጠይቆ መረከብ ይኖርበታል።