ዳገቱ የሚመሰክረው ኃይል፦ ለላስታ አማተር ብስክሌተኛ የኢንተርቫል ልምምድ መሠረቶች



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ መንገድ ነው። ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ወደሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚፈራረቅ ብስክሌተኛው በጠቅላላው የሚወጣው ከፍታ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው፣ በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ብቻ ያለው አማተር፣ ይህን የመሰለ መንገድ ጉልበቱ ሳይከዳው ይዘልቅ ዘንድ እንዴት ይለማመድ? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ ስፖርት አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረበችበት በ1956 እ.ኤ.አ. የሜልበርን ውድድር ከሯጮቿ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችን አሰልፋ ነበር። ከስድሳ ዓመታት በኋላም፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል በስፖርቱ ውስጥ ከተለወጡት ነገሮች ዋነኛው የልምምድ መለኪያ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪኽ ሾበረር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የፔዳሉን ግፊት በዋት የሚለካ መሣሪያ ከሠራ ወዲህ አሠልጣኞች ከፍጥነትና ከልብ ምት ይልቅ በኃይል መናገር ጀመሩ። ፍጥነት በነፋስና በዳገት ይለዋወጣል፤ የልብ ምትም በሙቀት፣ በድካምና በእንቅልፍ ማጣት ይዛባል፤ ዋት ግን እግር በዚያች ቅጽበት የሠራውን ብቻ ይናገራል።

መሣሪያው ግን ውድ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወጣቶች «ያለ ፓወር ሜትር ሳይንሳዊ ልምምድ የለም» ብለው ተስፋ ሲቆርጡ፣ ወይም በየቀኑ እስኪዝሉ እየጋለቡ ከዓመት ዓመት በአንድ ደረጃ ሲቆዩ እናያለን። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምሻው በላስታ የሚኖር ብስክሌተኛ መለኪያው በደጁ ቆሞለት እንዳለ ነው። መለኪያው ዳገቱ ነው።

ምክንያቱን በቀላል ፊዚክስ እንመልከት። በዳገት ላይ የብስክሌተኛው ኃይል አብዛኛው ክብደትን ወደ ላይ ለማንሣት ይውላል። ስለዚህ የሰውየውን፣ የብስክሌቱንና የያዘውን ውኃ ጠቅላላ ክብደት በኪሎ ግራም ወስደን በ9.81 እና በወጣው ከፍታ ብናባዛ ሥራውን በጁል እናገኛለን፤ ይህን በፈጀው ሴኮንድ ብናካፍል ደግሞ ዋት ይሆናል። ጠቅላላ ክብደቱ 72 ኪሎ የሆነ ብስክሌተኛ፣ ስምንት በመቶ ገደማ በሚያዘነብል የአስፋልት ዳገት ላይ 200 ሜትር ከፍታ በ12 ደቂቃ ወጣ እንበል። ስሌቱ 196 ዋት ይሰጠናል። የጎማውን ሰበቃና የአየሩን መቋቋም ለማሸነፍ 20 ዋት ገደማ ስንጨምርበት 216 ይሆናል።

ይኸው ሰው በሌላ ቀን፣ ይበልጥ ቀጥ ባለ አጭር ዳገት ላይ፣ 68 ሜትር ከፍታ በ3 ደቂቃ ወጣ። ከፍታው 267 ዋት፣ ሰበቃና አየሩ 25 ዋት ገደማ፤ በድምሩ 292 ዋት። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻቸውን ትልቅ ነገር ይነግሩናል። ሞኖ እና ሼሬር የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት አስተሳሰብ መሠረት የሰው የሥራ አቅም ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ለረጅም ጊዜ ሊቀጥል የሚችለው ኃይል ሲሆን፣ ወሳኝ ኃይል ይባላል። ሁለተኛው ከዚያ በላይ ስንወጣ የምንመነዝረው ውሱን ስንቅ ነው። በ12 ደቂቃ የተሠራው ሥራ 155,520 ጁል፣ በ3 ደቂቃ የተሠራው 52,560 ጁል ነው። ልዩነታቸውን በጊዜው ልዩነት፣ ማለትም በ540 ሴኮንድ፣ ስናካፍል 191 ዋት እናገኛለን፤ ወሳኝ ኃይሉ ይህ ነው። ስንቁም 18,000 ጁል ገደማ ይሆናል። ከ191 ዋት በታች ሲጋልብ ስንቁ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ በላይ ሲሆን ይጎድላል፤ ሲያልቅ እግሩ ይይዘዋል።

ሙከራው ታማኝ ይሆን ዘንድ ሁለቱን ዳገቶች በተለያዩ ቀናት፣ በደንብ አርፎ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት መውጣት ያሻል። የስልክ ከፍታ መለኪያ በጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት ስለሚችል የዳገቱን ከፍታ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መያዝ፣ ከዚያም ሁልጊዜ በዚያው ዳገት መፈተን ይገባል። ፍጹም ቁጥሩ ጥቂት ቢሳሳት እንኳ፣ ከሁለት ወር በኋላ የሚታየው ለውጥ እውነተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰኑን፣ 49.431 ኪሎ ሜትር፣ በሜክሲኮ ሲቲ ያስመዘገበው ስስ አየር በሜዳ ላይ አነስተኛ መቋቋም ስላለው ነበር። በዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ይህ ጥቅም ይጠፋል፤ የኦክስጅን ማነስ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በባሕር ጠለል ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አንብቦ «እኔ ደካማ ነኝ» ማለት ስሕተት ነው። እያንዳንዱ በሚኖርበት ከፍታ የለካውን ቁጥር ይያዝ።

አሁን ወደ ልምምዱ እንግባ። ኢንተርቫል ማለት ብርቱ ሥራን በዕረፍት ከፋፍሎ መሥራት ነው። ኤሚል ዛቶፔክ 400 ሜትርን ደጋግሞ በመሮጥ ተዘጋጅቶ በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ሦስት ወርቅ ካገኘ ወዲህ ዘዴው በዓለም ዙሪያ ታውቋል፤ የእኛም ሯጮች ስሙን ሳይተረጉሙ ይጠቀሙበታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ልብና ጡንቻ በአንድ ትንፋሽ ሊሸከሙት የማይችሉትን መጠን ከፋፍለው ይሸከሙታል።

ለምሳሌያችን ብስክሌተኛ በሳምንት ሁለት ብርቱ ቀናት ይበቁታል። በመጀመሪያው ቀን ከወሳኝ ኃይሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ ከፍ ብሎ፣ 205 ዋት ገደማ፣ ለ4 ደቂቃ አራት ጊዜ ይወጣል፤ በየመካከሉ ቀስ ብሎ እየወረደ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያርፋል። መሣሪያ የሌለው ሰው ይህን እንዴት ያውቀዋል? ስሌቱን ወደ ኋላ ይመልሰው፦ 205 ዋት ማለት ለእርሱ በ4 ደቂቃ 63 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። በዚያው ዳገት 63ኛው ሜትር ላይ ያለውን ድንጋይ ወይም ዛፍ ምልክት ያድርግ። በ4 ደቂቃ እዚያ ከደረሰ ልኩን ጠብቋል፤ በ3 ደቂቃ ተኩል ከደረሰ ስንቁን አስቀድሞ በልቷል፣ አራተኛውንም ዙር አይጨርስም። በሁለተኛው ቀን ከወሳኝ ኃይሉ ዝቅ ብሎ፣ ከ170 እስከ 180 ዋት፣ ለ10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይሠራል።

የቀሩት ቀናት በእርጋታ የሚጋለብባቸው ናቸው፤ አማተሩ አብዝቶ የሚሳሳተውም በእነዚህ ላይ ነው። ረጋ ያለ ማለት ዳዊት የሚደግም ሰው ቃሉ ሳይቆራረጥ ሊደግም የሚችልበት ፍጥነት ነው። ይህን ለስንፍና የሚቆጥር ሰው ማክሰኞ ሊሠራው የሚገባውን ሰኞ ይጨርሰዋል።

የአካባቢያችንም ሥርዓት በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ማክሰኞና ቅዳሜ ለብርቱ ሥራ ይመቻሉ፤ የጾሙ ቀናት የዕረፍት ወይም የእርጋታ ይሁኑ። በዐቢይ ጾም ወራት ብርቱውን ሥራ መቀነስና ወደ ማዕድ ሰዓት ማስጠጋት እንጂ ባዶ ሆድ ላይ ከጡንቻ ጋር መታገል አይጠቅምም። ምንጊዜም ኢንተርቫል በዳገት ይሠራ፤ ቁልቁለቱ ከብት፣ አህያና መንገደኛ የሚያልፍበት ነውና ፍሬን ተይዞ ይወረድ። በገና ሰሞን ምዕመናን መንገዱን ሲሞሉ ደግሞ ልምምዱን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር የጨዋነት ግዴታ ነው።

ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንታት በኋላ ብስክሌተኛው ወደዚያው ዳገት ተመልሶ ይፈተን። 200 ሜትሩን በ12 ደቂቃ ፈንታ በ11 ደቂቃ ተኩል ከወጣ፣ ክብደቱም ካልተለወጠ፣ ኃይሉ በ9 ዋት ገደማ አድጓል። ለውጥ ከሌለ ልምምዱን ከማክበዱ በፊት እንቅልፉን፣ ምግቡንና የእርጋታ ቀናቱን ይመርምር።

ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚነሣበትም ቀን ይኸው ዕውቀት ስንቁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዳገቶች ከወሳኝ ኃይሉ በታች ይቆይ፤ የሚያልፉትን ይለፉት። ከብስክሌቱ ወርዶ ወደ ዋሻው በእግሩ የሚወጣው ያን ጊዜ ጉልበት ተርፎት ይሆናል።