የወታደር ሚስትና «ባለቤትሽ ራሱ ይምጣ»

ስለ ወታደር ሚስት ሲነሳ በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ሁለት መልክ ነው። አንዱ ዘማቿን በእልልታ የምትሸኝ ኩሩ ሴት፣ ሌላው ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠች ሐዘንተኛ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን ሁለቱም የአንድ ቀን መልክ ናቸው። በሽኝቱና በመርዶው መካከል፣ ዕድል ከቀናም በሽኝቱና በጡረታው መካከል፣ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ኑሮ አለ። ልጅ ይታመማል፤ ኪራይ ይጨምራል፤ ጣሪያ ያፈሳል፤ እድር ይጠራል፤ ትምህርት ቤት ወላጅ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የምትሸከመው እሷ ናት። ዛሬ ላስረዳ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ የወታደር ሚስትን ኑሮ ከሁሉ በላይ የሚያከብደው ናፍቆቱ ብቻ ሳይሆን ኃላፊነቱ ሙሉ ሆኖ ሥልጣኑ ግማሽ መሆኑ ነው። ይህ ደግሞ የዕጣ ፈንታ ጉዳይ አይደለም፤ የወረቀትና የአሠራር ጉዳይ ስለሆነ ሊስተካከል ይችላል።

ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ያለው ሰው ይህን ጉዳይ የሌላ ሰፈር ጉዳይ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ሰፈሩ የሚታወቀው በካቴድራሉ፣ በኤድና ሞልና በካፌዎቹ ነው። ነገር ግን ከቪላዎቹ ጀርባ ባሉት ሰርቪስ ቤቶች፣ ወደ ገርጂና ጉርድ ሾላ ሲወረድ፣ ከዚያም አልፎ በሰሚትና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች የወታደር ቤተሰብ አለ። ብዙ ጊዜ የማናውቀው ራሳቸው ስለማይናገሩ ነው። ባል የት እንደተመደበ መናገር አይቻልም፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ወታደር መሆኑን መናገርም ለአንዳንዷ ያስፈራል። ስለዚህ አከራይ «ባለቤትሽ ምን ይሠራል?» ሲላት «የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ክፍለ ሀገር ነው» ብላ ታልፋለች። ወር በገባ በ27 መድኃኔዓለም ስትሳለም የምትለምነውን ጎረቤቷ አያውቅም። ሐዘንም ሆነ ደስታ በጎረቤት በሚካፈልበት አገር ይህ ዝምታ ራሱ ሸክም ነው፤ ችግሯ ሳይታወቅ የሚያግዛት ሰው አይኖርምና።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ ንብረት በሁለቱም ተጋቢዎች እንዲተዳደር ያዛል። አንቀጽ 68 ደግሞ የሁለቱንም ስምምነት የሚጠይቁትን ጉዳዮች ይዘረዝራል፤ የጋራ ቤትን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት ወይም በዋስትና ማስያዝ፤ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ ተንቀሳቃሽ ንብረት መሸጥ፤ ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ መሆን። 500 ብር በ1992 ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ የአንድ ሳምንት አስቤዛ እንኳ አይሸፍንም። እንግዲህ ባሏ ስልክ በማይሠራበት ግንባር ያለች ሴት አስቧት። ልጇ ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል ተብላ ብድር ብትጠይቅ፣ የደረሳቸውን ኮንዶሚኒየም አከራይታ የባንኩን ዕዳ ልክፈል ብትል፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ የሚሰጣት መልስ አንድ ነው፤ «ባለቤትሽ ራሱ ይምጣ፤ ካልሆነ ውክልና አምጪ።» ሠራተኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕግ ነው የሚጠብቀው። ግን የሚጠየቀው ሰው ምሽግ ውስጥ ነው።

ሕጉ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ የለኝም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ብሎ የሚጠራ ነበር፤ የጋራ ንብረት በሁለቱም እኩል እንዲተዳደር የተደረገው በ1992 ነው። ያ ድል ነው፤ መነካት የለበትም። እንዲያውም ሕጉ ከተጋቢዎቹ አንዱ ንብረቱን ማስተዳደር ሲያቅተው ሌላው ብቻውን እንዲያስተዳድር በር ይከፍታል። ችግሩ ያ በር ብዙውን ጊዜ በፍርድ ቤት በኩል የሚያልፍ መሆኑ ነው፤ ለአንድ የኪራይ ውል ደግሞ ፍርድ ቤት መመላለስ ከውሉ ጥቅም በላይ ያስወጣል። ስለዚህ መፍትሔው የሕግ ለውጥ ሳይሆን ሕጉ አስቀድሞ የፈቀደው ነገር ነው፤ ውክልና። ባል ግዳጅ ከመውጣቱ በፊት ተሰጥቶ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ጸድቆ፣ ዋናው በእጇ ያለ ውክልና።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበትን ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ። «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼሻለሁ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ግን ጠቅላላ ውክልና የማይሸፍናቸውን ነገሮች ይለያል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥና ማስያዝ፣ በክርክር መስማማት፣ ስጦታ ማድረግ፣ በፍርድ ቤት ከሶ መከራከርና ተከሶ መልስ መስጠት ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ጉዳዬን ሁሉ እንድትፈጽም» ተብሎ ከተጻፈ መስኮት ላይ ይመለሳል። የሚያስፈልገው በስም መዘርዘር ነው፤ የትኛው ቤት፣ የትኛው ባንክ፣ የትኛው ሒሳብ፣ ኪራይ መዋዋልና መቀበል፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ጉዳይ፣ የልጆች ትምህርትና ሰነድ፣ በፍርድ ቤት መወከል። የኪራይ ነገር በተለይ ዛሬ ከበድ ብሏል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። ለተከራይ ጥበቃ ነው፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ውሉን የፈረመው ባል ከሆነና እሱ ከሌለ፣ በየወሩ በር የሚያንኳኳውን አከራይ የምትጋፈጠው ስሟ ውሉ ላይ የሌለ ሴት ናት። ከመጀመሪያው የእሷም ስም ይግባ።

ይህን ስል የሚነሳብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ወታደሩ ደሙን እያፈሰሰ ቤቱ ቢሸጥበትስ?» ይባላል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ከግዳጅ ሲመለስ ቤቱም ትዳሩም ያልጠበቀው ሰው መኖሩን የማያውቅ የለም። ግን ስጋቱ የሚያስከትለው መልስ ሙሉ በሙሉ መከልከል መሆን የለበትም። ውክልና ሲሰጥ መሸጥን ለይቶ ማስቀረት ይቻላል፤ ማከራየትን ፈቅዶ ማስያዝን መከልከል ይቻላል፤ ሰጪው ሲፈልግም ይሽረዋል። ያለ ስምምነት ለተደረገ ውልም የቤተሰብ ሕጉ መድኃኒት አለው፤ አንቀጽ 69 ያልተስማማው ተጋቢ ውሉን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ደግሞም ይህን ስጋት ከሌላው ጎን እንየው፤ ልጆቹን፣ ደመወዙንና ስሙን የሚያምናት ሴት የኪራይ ውል እንድትፈርም አለማመን እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሹፌርም ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፤ ዓረብ አገር ያለችም ባሏን ጥላ ሄዳለች፤ የወታደር ሚስት በምን ትለያለች?» የሚል ነው። የእነሱም ኑሮ ቀላል ነው አልልም። ልዩነቱ ግን አለ። ሹፌሩ ሚስቱ ስትደውል ያነሳል፤ ቢቸግር መኪናውን አቁሞ ይመለሳል። ወታደር «አልሄድም» አይልም፤ «ነገ እመጣለሁ» ብሎም ቃል አይገባም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 በሰሜን ጦርነት ተነስቶ ስልክ ሲቋረጥ፣ በየመንደሩ ያሉ ሚስቶች የባሎቻቸውን ድምፅ ለወራት ሳይሰሙ ደመወዝ ባንክ መግባቱን ብቻ እያዩ «በሕይወት አለ» ብለው ይገምቱ ነበር። «ወታደር መሆኑን አውቃ አገባችው» የሚለውም ቢሆን ለሁሉም አይሠራም። ነሐሴ 4 ቀን 2013 መንግሥት ጥሪ ሲያደርግ ሥራውን ትቶ የዘመተ፣ ዩኒፎርሙን አውልቆ ከቆየ በኋላ ተመልሶ የገባ ብዙ ነው። የእሱ ሚስት ያገባችው አስተማሪ ወይም ነጋዴ ነበር። ጦርነቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ የማንም ባል በየትኛውም ወገን ይዝመት፣ ልጁ ትምህርት ቤት የሚመዘገበው በዚያው መስከረም ነው።

መንግሥት የወታደር ቤት ከሌላው ቤት የተለየ መሆኑን አያውቅም ማለትም አይቻልም። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ለሲቪል ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለውን መዋጮ 11 በመቶ ሲያደርግ፣ ለመከላከያና ለፖሊስ 25 በመቶ አድርጎታል። ከእጥፍ በላይ ነው። ባል ሲሞትም ለሚስት የጡረታውን 50 በመቶ ይወስንላታል። ሕጉ አደጋውን አስልቶታል ማለት ነው። ያሰላው ግን መጨረሻውን ነው፤ ሲጦር ወይም ሲሞት። ሞትም ቢሆን በወጉ ሲታወቅ ብቻ ነው። ያልታወቀ እንደሆነስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወሬው ለ2 ዓመት የጠፋ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን መጠየቅ ይቻላል ይላል፤ በቤተሰብ ሕጉ ደግሞ ያ ውሳኔ ትዳሩን ያፈርሳል። አንዲት ሚስት ያን ማመልከቻ ስትጽፍ ተስፋዋን በገዛ እጇ እየፈረመች ነው። በኦጋዴን ጦርነት የተማረከው ኮሎኔል ለገሠ ተፈራ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ያህል ታስሮ ተመልሷል፤ ሁለት ዓመትን የተስፋ ልክ ማድረግ ያስቸግራል። በ1990 አስመራ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ የተማረከው ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ግን ዕጣው እስካሁን በይፋ አልተነገረም። በትግራይም በጦርነቱ የወደቁት ታጋዮች መርዶ ለቤተሰቦቻቸው በይፋ የተነገረው በጥቅምት 2016 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ዓመት ሊሞላው ሲል። በእነዚያ ወራት ሁሉ የታጋይ ሚስት ቦታ ሚስትም መበለትም አልነበረም። ውክልናውም ቢሆን በሰጪው ሞት ስለሚያበቃ፣ እንደዚህ ባለ ጊዜ መፈናፈኛ የሚሰጣት የባል ስም ብቻ ሳይሆን የራሷ ስም ያለበት ሒሳብ፣ ውልና ካርታ ነው።

እንዲህ ያለው መለያየት ጥንት የነበረ አይመስለኝም። በዓድዋ ዘመን ዘማች ሲወጣ ሚስቱ፣ ወፍጮውና ድስቱ አብረው ይወጡ ነበር፤ ስንቁን የምትይዘው፣ እንጀራውን የምትጋግረው፣ ቁስለኛውን የምታነሳው እሷ ነበረች። ዘመናዊው ጦር በካምፕና በደመወዝ ሲደራጅ ሚስት ቤት ቀረች። ለጦሩ ቅልጥፍና ነበር፤ አስፈላጊም ነበር። ነገር ግን የቤቱ ሥራ በሙሉ ወደ እሷ ሲዞር የቤቱ ሥልጣን አብሮ አልዞረም። ይህ ምን እንደሚያስከትል ግንቦት 1983 በአንድ ጊዜ አሳየ። ከ450 ሺህ በላይ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ሲበተኑ ደመወዙ በአንድ ቀን ቆመ፤ በየከተማው ልጅ ያሳደጉት ጉሊት የተቀመጡ፣ ጠላ የጠመቁ፣ በሰው ቤት ልብስ ያጠቡ ሚስቶች ናቸው። ስለዚያ ሠራዊት በተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ውስጥ የጄኔራሎቹ ውሳኔ ገጽ በገጽ ይተነተናል፤ የእነዚያ ሴቶች ጉሊት ግን እምብዛም አይነሳም። ይህ ያሳዝነኛል።

ኑሮው መከራ ብቻ እንዳይመስል ደግሞ ሌላውን ጎኑን ልበል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አብዬ፣ ወደ ዳርፉር፣ ቀደም ሲልም ወደ ላይቤሪያ ለሰላም ማስከበር የወጡ ወታደሮች አበል ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው መሬት፣ የመጀመሪያው የቤት ቅድሚያ ክፍያ ሆኗል። ብዙዋ ሚስት በዚህ ሂደት ግንበኛ መቅጠር፣ ሲሚንቶ መከራከር፣ ሒሳብ መያዝ ተምራለች። ሌላው ችግር የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ባል ፈቃድ ሲመጣ የተወው ቤት አይጠብቀውም፤ ልጆቹ የሚፈቀድላቸውን ከእናታቸው ይጠይቃሉ፤ ገንዘብ በእሷ ደብተር ይመራል። ሻለቃ የሚያዝ ሰው ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሲሆን ይከፋዋል። ብዙ ጠብ የሚነሳው በፈቃዱ የመጀመሪያ ሳምንት ነው የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሥልጣኗ በወረቀት የታወቀ ቤት ውስጥ ግን ይህ ጠብ መልኩ ይቀየራል፤ ውሳኔዋ ነጥቃው ሳይሆን ራሱ ሰጥቷት የሆነ ነውና። ይህ ሁሉ ለሴት ወታደር ባልም ይሠራል፤ እሱም ስሙ ጨርሶ የማይነሳ ሰው ነው።

ታዲያ ማን ምን ያድርግ? የአሜሪካ ጦር ወታደሩ ግዳጅ ከመውጣቱ በፊት የሕግ ቢሮዎቹ ውክልናና ኑዛዜ በነፃ ያዘጋጁለታል። ለእኛ ይህ ውድ ነገር አይደለም። መምጣት ለማይችል ሰው ያለበት ድረስ ሄዶ ሰነድ ማረጋገጥ በአገራችን እንግዳ አሠራር ስላልሆነ፣ ክፍሉ ከካምፕ ከመንቀሳቀሱ በፊት ባለው ሳምንት አንድ የሰነድ አረጋጋጭ ቡድን ሁለት ቀን ቢቀመጥ የብዙ መቶ ቤት ጉዳይ ያልቃል። ባንኮችም ከክፍሉ የሚጻፍ የ«ግዳጅ ላይ ነው» ደብዳቤ፣ ቦታው ሳይጠቀስ፣ የብድር ክፍያ ለማራዘም በቂ ማስረጃ አድርገው ቢቀበሉ የሚከስሩት ነገር የለም። እስከዚያው ግን ፈቃድ ላይ ያላችሁ፣ ወደ ክፍላችሁ የምትመለሱበት ቀን ሳይደርስ ሁለታችሁም መታወቂያችሁንና የጋብቻ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ሂዱ። የቤቱን ካርታ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳቡን ቁጥርና ልጆቻችሁን በስም አስጽፉ። መሸጥ የማትፈልጉ ከሆነ «መሸጥን አይጨምርም» ተብሎ በግልጽ ይግባ። ዋናው ሰነድ እሷ ዘንድ ይቅር፣ እናንተ ቅጂውን ያዙ።