ቤዝ ጊታር በሊድ ጊታር አምፕ ሲሰካ

በአዲስ አበባ በላምበረት፣ በወሰንና በኮተቤ መንገድ ግራና ቀኝ በሚተከሉ የሠርግ ድንኳኖች፣ በኳየር መለማመጃ ክፍሎችና ማታ ማታ ሙዚቃ በሚቀርብባቸው ቤቶች የተገኘው መሣሪያ በተገኘው አምፕ ላይ ይሰካል። አምፑ ለሊድ ጊታር የተሠራ ሲሆን ተረኛው ግን ቤዝ ተጫዋቹ ሊሆን ይችላል። ጃኩ ይገባል፣ ድምፁ ይወጣል፣ ሥራው ይቀጥላል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ጃክ ነው፤ የሊድ ጊታሩም፣ የቤዙም፣ የኪቦርዱም መሰኪያ መጠኑ አንድ ስለሆነ ከጀርባው ያለው ነገር ሁሉ አንድ ይመስላል። አይደለም። አምፕ ድምፅ የሚያጎላ ሣጥን ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ጊታር ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ ክራር ያለ ገበቴው ክራር እንደማይሆነው ሁሉ ቤዝ ጊታርም ያለ ተስማሚ ስፒከር ቤዝ አይሆንም። ይሁን እንጂ አምፕን አቀያይሮ መሰካት ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ጉዳቱም እኩል አይደለም። ሊድ ጊታርን በቤዝ አምፕ መጫወት የጣዕም ጉዳይ ነው። ቤዝን በሊድ ጊታር አምፕ ጮክ አድርጎ መጫወት ግን ስፒከር ያበላሻል።

ምክንያቱ ያለው በድምፁ ዝቅታና በስፒከሩ አሠራር ላይ ነው። የሊድ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር የዚያ ግማሽ ነው፣ 41 ጊዜ ገደማ፤ ባለ አምስት ክሩ ደግሞ እስከ 31 ይወርዳል። ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ሲል ስፒከሩ ያንኑ ያህል ጉልበት ያለው ድምፅ እንዲያወጣ ወረቀቱ (ኮኑ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለስበት ርቀት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ይህ በብልሃት የማይታለፍ የፊዚክስ ሕግ ነው። የሊድ ጊታር ስፒከር ደግሞ ለዚህ አልተፈጠረም። ወረቀቱ ቀላልና ደረቅ ነው፤ ጠርዙን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘውም ብዙውን ጊዜ ራሱ ወረቀቱ ተጣጥፎ ነው፤ ሳይንገራገጭ የሚመላለሰው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ብዙ የሮክ ጊታሪስቶች የሚያውቁት ሴለስቲየን ግሪንባክ የሚባለው ባለ 12 ኢንች ስፒከር አምራቹ የሚሰጠው የድምፅ ክልል ከ75 እስከ 5000 ኸርዝ ነው። የቤዙ ወፍራም ክሮች መነሻ ድምፅ ከዚህ ክልል ውጭ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙ የሊድ ጊታር አምፖች ጀርባቸው ክፍት ነው። ከኋላ የሚወጣው ድምፅ ዞሮ የፊቱን ዝቅተኛ ድምፅ ያጣፋዋል፤ በዝግ ሣጥን ውስጥ እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ወረቀቱን የሚገታው የታመቀ አየርም የለም። የቤዝ ስፒከር ወረቀት ከባድ ነው፣ ጠርዙ ልል ነው፣ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የሚመላለሰው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ረጅም ነው፣ ሣጥኑም ወይ ዝግ ነው ወይ በልክ የተከፈተ ቀዳዳ አለው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ስንት ሰው በሊድ ጊታር አምፕ ቤዝ ሲጫወት ኖሮ ስሕተቱ እንዴት አልተሰማውም? መልሱ ያለው በጆሯችን ውስጥ ነው። አንድ ክር ሲመታ የሚወጣው መነሻው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉም አብረው ይወጣሉ። ስፒከሩ 41ን መስጠት ቢያቅተውም 82ንና 123ን ይሰጣል፤ አእምሮም ከእነዚህ ተነስቶ የጎደለውን መነሻ ራሱ ይሞላዋል። ዜማው ይታወቃል፣ ደረትን የሚነካው ክብደት ግን የለም። ይህን የድምፅ ባሕርይ የእኛ የበገና ሠሪዎች ኤሌክትሪክ ሳይኖር በሥራቸው ላይ አውለውታል። ከወሰን ጀርባ ካሉት የየካ ኮረብታዎች ጋር ተያይዞ በሚዘልቀው በእንጦጦ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለደው ዓለሙ አጋ የሚደረድረው በገና አሥር ክሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ክሩ ቆዳውን እየነካ ሲነዝር ከመነሻው ድምፅ በላይ ያሉት እጥፎች ይበዛሉ፤ ወፍራሙና ዝቅተኛው ድምፅ ከገበቴው አልፎ ወደ ሰሚው የሚደርሰው በእነዚህ እጥፎች ተሸካሚነት ነው። የዓለሙ አጋ በገና በኢትዮፒክስ ተከታታይ ዐሥራ አንደኛው አልበም ላይ ተቀርጿል፤ አንድ ጊዜ በስልክ ስፒከር፣ አንድ ጊዜ በጥሩ ማዳመጫ ለሰማው ሰው ሁለቱ ምን ያህል እንደሚለያዩ ግልጽ ነው። በስልኩም ቢሆን ግን ዜማው አይጠፋም። ቤዙም በሊድ አምፕ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

አደጋው የሚጀምረው ተጫዋቹ የጎደለውን ክብደት ፍለጋ ቤዝ የሚለውን ቁልፍ ወደ ቀኝ ሲያዞር ነው። «ኢኳላይዘር ለምን ተፈጠረ?» የሚል ተቃውሞ አዘውትሮ ይሰማል። ኢኳላይዘር ለስፒከሩ የሚሄደውን ኃይል ይጨምራል እንጂ የስፒከሩን አቅም አይጨምርም። ዝቅተኛውን ድምፅ በ6 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ወረቀቱ የሚመላለስበትን ርቀት እጥፍ፣ የሚያስፈልገውን ኃይል ደግሞ አራት እጥፍ ያደርገዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ለመመላለስ የተሠራ ወረቀት በዚህ ጊዜ ሽቦውን ከማግኔቱ ክፍተት እያስወጣ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ድምፁ ይፈረካከሳል፣ ቀጥሎ ሽቦው ከኋላ ካለው ብረት ጋር ሲጋጭ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ በመጨረሻም ጠርዙ ይቀደዳል ወይም ሽቦው ከመስመሩ ይወጣል። ያገለገለ አምፕ የሚገዛ ሰው ይህን ጉዳት በእጁ ሊመረምረው ይችላል። አምፑን ከሶኬት ነቅሎ፣ የሁለት እጆቹን ጣቶች በወረቀቱ ዙሪያ እኩል አሳርፎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መጫንና መልቀቅ ነው። ጤነኛ ስፒከር ያለ ድምፅ ይገባል፣ ያለ ድምፅ ይመለሳል። ሻካራ ነገር ላይ እንደሚጎተት ወረቀት የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ ሽቦው ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ያ ስፒከር ለምንም ዓይነት ጊታር አይሆንም።

«እኔ ለልምምድ ብቻ ነው የምጠቀምበት» ለሚለው መልሱ አዎንታዊ ነው። ቮሊዩሙ ዝቅ እስካለ ድረስ ወረቀቱ ሩቅ አይሄድም፤ ቤት ውስጥ ጣት ለማፍታታት የሊድ ጊታር አምፕ ምንም አይሆንም። ከከበሮ ጋር ለመወዳደር መክፈት ሲጀመር ነው ነገሩ የሚለወጠው። ደግሞም ችግሩ ያለው በስፒከሩ እንጂ በኤሌክትሮኒክሱ አይደለም። የሊድ ጊታር አምፕ ራሱ የስፒከር መውጫ ካለውና የኦም ቁጥሩ ከተመሳሰለ በቤዝ ስፒከር ሣጥን ላይ ተሰክቶ ቤዝን ያለ ጉዳት ያጫውታል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ችግሩ መጥፋቱ ጥፋቱ የማን እንደነበረ ያሳያል።

ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ስንመጣ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ካቀረበ በኋላ በ1952 ባስማን የተባለውን የቤዝ አምፕ አስከተለ። በኋላ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች የተገጠሙለት፣ ጀርባው ክፍት የሆነው ባስማን ለቤዝ እምብዛም አልሆነም፤ ጊታሪስቶች ግን ወደዱት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የማርሻል አምፕ የሠሩት የዚህኑ ባስማን ሰርኪዩት መነሻ አድርገው ነው። የሮክ ጊታር ድምፅ ትልቅ ድርሻ የተወለደው ለቤዝ ከታሰበ አምፕ ነው ማለት ነው። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች «ስለዚህ ትክክልና ስሕተት የሚባል አምፕ የለም» ይላሉ። እኔ ከዚሁ ታሪክ የማነበው ተቃራኒውን ነው። ባስማን ለጊታር የተመቸው ለቤዝ ባልተመቸበት በዚያው ምክንያት ነው፦ ቀላል ስፒከርና ክፍት ጀርባ። ቤዝ ተጫዋቾች የሚፈልጉት እ.ኤ.አ. በ1969 አምፔግ ኤስቪቲ ይዞት የመጣውን ዓይነት ነበር፤ 300 ዋት ኃይልና በዝግ ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች። የዛሬ ቤዝ አምፕ ለሊድ ጊታር ሲውል ድምፁ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ትዊተር ካለውና ዲስቶርሽን ፔዳል ከተጨመረበት ደግሞ ጆሮ ይወጋል። ትዊተሩን መዝጋት በቂ ነው። የሚቃጠል ወይም የሚቀደድ ነገር የለም።

ይህ የቤዝ ክብደት ጉዳይ የእኛን ሙዚቃ ከሌላው ይልቅ ይመለከተዋል ብዬ አምናለሁ። በዋልያስ ባንድ የመላከ ገብሬ፣ በሮሃ ባንድ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ከበስተጀርባ የሚቀመጥ ማጀቢያ አይደለም። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቸበለው» አልበም ላይ ቤዙ የሚደጋግመው አጭር ሐረግ ነው ኦርጋኑንና የትንፋሽ መሣሪያዎቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው። በችክችካ ዘፈንም እስክስታ የሚወርደው ሰው እግሩን የሚያሳርፈው ከበሮና ቤዝ በሚገናኙበት ላይ ነው። ይህ መሠረት በሊድ አምፕ ሲሣሣ ተጨፋሪው ምክንያቱን ባያውቀውም ዘፈኑ «አልያዘም» ይላል።

የገንዘቡ ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለም። ሁለት አምፕ መግዛት ለማይችል ባንድ ወይም ኳየር «ለየመሣሪያው የየራሱን ግዙ» ማለት ምክር አይሆንም። አንድ ብቻ የሚገዛ ከሆነ የቤዝ አምፕ ይግዛ፤ ሊድ ጊታሩ፣ ኪቦርዱም ሳይቀር በእሱ ላይ ያለ ጉዳት ይሠራሉ፣ ቤዙ ግን በሊድ አምፕ ላይ ጮክ ብሎ ያለ ጉዳት አይሠራም። አዳራሹ ሚክሰርና ሞንታርቦ ካለው ደግሞ ቤዙን የመሣሪያውን ምልክት ለሚክሰር በሚያመቻቸው ዲአይ ቦክስ በኩል ወደዚያ መላክ ይሻላል፤ መድረክ ላይ ያለው ትንሽ አምፕ ለተጫዋቹ ጆሮ ብቻ ይቀራል። ሊድ ጊታርን ግን በቀጥታ ሞንታርቦ ላይ መሰካት ራሱ ሌላ ያለቦታው አሰካክ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5000 ኸርዝ በላይ ያለውን ሻካራ ድምፅ ይውጠዋል፤ ሞንታርቦው ሁሉንም አውጥቶ ይረጨዋል። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ አምፕ የሚጠቀሙም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት መስመር ላይ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት የለበትም።

ክራርና በገና ላይ ፒክአፕ ሲገጠም ደግሞ ጉዳዩ ከስፒከሩ በፊት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» የተባለ አልበም ያወጣው፣ ተመስገን ዘለቀ የሚመራው የለንደኑ ክራር ኮሌክቲቭ ክራር በኤሌክትሪክ ጎልቶ ትልቅ መድረክ መሙላት እንደሚችል አሳይቷል። የናይለን ክር ያለውን ክራር ግን የኤሌክትሪክ ጊታር ማግኔት ፒክአፕ አይሰማውም፤ ማግኔት የሚያውቀው ብረትን ነው። ስለዚህ ገበቴው ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን የሚያነሳ ፒየዞ የተባለ ፒክአፕ ይገጠምለታል። የፒየዞ የራሱ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በተለይ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ከፍተኛ ስለሆነ የሚሰካበት መግቢያ ተቃውሞውም ከፍተኛ መሆን አለበት፤ የሚክሰር ተራ መግቢያ 10 ሺህ ኦም ገደማ ሲሆን ፒየዞው ቢያንስ 1 ሚሊዮን ኦም ይፈልጋል። ተራው መግቢያ ላይ ሲሰካ ዝቅተኛው ድምፅ ገና ስፒከሩ ጋ ሳይደርስ ይጠፋል፤ በወፍራም ክሮች የሚሠራው ቤዝ ክራር የቆርቆሮ ድምፅ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔው ባትሪ ያለው ትንሽ ፕሪአምፕ በመሃል ማስገባት ነው። የበገናው ፍላጎት ሰፋ ይላል፤ ከታች የወፍራም ክሮቹን ክብደት፣ ከላይ የእንዚራውን ንዝረት ይፈልጋል። የሊድ ጊታር አምፕ ሁለቱንም ጫፎች ስለሚቆርጥበት ለበገና የኪቦርድ አምፕ ወይም ጥሩ ማይክሮፎንና ሞንታርቦ ይሻለዋል።