«አይውጣ» ማለት የሚችል ኃላፊ

በአፕሪል 2022 የስትራውስ ኩባንያ ከኖፍ ሃጋሊል ፋብሪካው የወጡ የቸኮሌት ምርቶችን ከየሱቁ ሰበሰበ። ምክንያቱ ሳልሞኔላ ነበር። የጤና ሚኒስቴርም የፋብሪካውን የማምረት ፈቃድ ለሦስት ወር አገደ። እንዲህ ያለ ወሬ ስንሰማ ሁላችንም ፓኮ ስናገላብጥ እንውላለን፤ የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ኃላፊ የሚባለውን ሥራ ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

ሥራው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ መዋል አይምሰላችሁ። ሳልሞኔላን በተለመደው ዘዴ ለመመርመር 25 ግራም ናሙና ይወሰድና ባክቴሪያው ካለ እንዲራባ ቀናት ይጠበቃል። የጭነት መኪናው ደጅ ቆሟል፤ የሽያጭ ክፍሉ በስልክ ይወተውታል። ኃላፊው ግን ውጤቱ ሳይደርስ አይፈርምም። እኛ እንደሚመስለን ደመወዙ የሚከፈለው ከሁሉ በላይ ለዚህች ፊርማ ነው። ሚዛን ማስፈተሽ፣ መዝገብ መያዝ፣ አዲስ ሠራተኛ ማሠልጠንም አለ።

ኬሚስትሪ፣ ባዮቴክኖሎጂ ወይም የምግብ ምህንድስና ተምራችሁ በላቦራቶሪ ጥቂት ዓመት የሠራችሁ፣ ለዚህ ቦታ ስትወዳደሩ ከደመወዙ በፊት «አለቃዬ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በመድኃኒት ፋብሪካ የምርትና የጥራት ቁጥጥር ኃላፊዎች አንዱ በሌላው ሥር እንዳይሆኑ ደንብ አለ። በምግብ ፋብሪካ ግን አለቃችሁ የምርት ኃላፊው ነው ከተባላችሁ፣ «አይውጣ» ያላችሁት ዕቃ እንዲወጣ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ሳትፈርሙ በፊት በጽሑፍ አስመልሱ።