ውበቱ ግትር ነበር ወይስ ቆራጥ?

ዋልያ ጊች አካባቢ በገደል አፋፍ ሲሄድ ለሚያየው ያስደነግጣል። እሱ ግን መንገዱን አይቀይርም። በስሙ የሚጠራው ብሔራዊ ቡድናችንም በውበቱ አባተ ጊዜ እንዲሁ ነበር። ተጋጣሚ ቢጫንም በረኛው ኳሷን ዝም ብሎ አይጠልዛትም፤ ከኋላ ተመስርቶ ይወጣል። አሰልጣኙ ከዚህ ፍንክች አላለም።

ደጋፊው ታዲያ እስከ ዛሬ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። አንዱ "በ2014ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በካሜሩን 4ለ1 ተሸንፈን፣ በ1 ነጥብ ተመልሰን እንኳ አልተማረም" ይላል። ሌላው "ቆይ፣ ከ8 ዓመት በኋላ ለዚያ ዋንጫ ያበቃን ማነው? ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን 2ለ0 ስናሸንፍስ የት ነበርክ?" ብሎ ያፈጥበታል።

መጋቢት 2015 ጊኒ በቀናት ልዩነት 2ለ0 እና 3ለ2 ረታችን። ውበቱና ፌዴሬሽኑም ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ግብጽን ሲረታ "ቆራጥ"፣ በጊኒ ሲረታ "ግትር" ያልነው አንድ ሰው ነው። ጸባዩም ያው ነው፤ የተለወጠው ውጤቱ ብቻ ነው።